አምባሰል ሥር ሥራ ፈትቼ የዋልኩባቸው ቀናት

መርካቶ ከሱቄ ግራና ቀኝ ያሉ ጎረቤቶቼ ከወሎ ከተመለስኩ ጀምሮ «ስድስት ቀን ሙሉ ምን ስትሠራ ከረምክ?» እያሉ ይጠይቁኛል። «ምንም» ስላቸው አያምኑኝም። እኛ ሰፈር «ምንም አልሠራሁም» የሚል ነጋዴ ወይ ግብር እየሸሸ ነው፣ ወይ የደበቀው ዕቃ አለ። ለአንዳንዱ እየቆምኩ ከምመልስ ልጻፈውና ያንብቡት ብዬ ነው። አብዛኞቹ ሐይቅን በሕይወታቸው አያዩትም። ዕቃ የማያራግፉበት አገር ሄደው ምን ሊያደርጉ?

የሄድኩት ለሽምግልና ነው። ፉአድ የሟች ወንድሜ ልጅ ነው፤ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያደገው እኔ ቤት ነው፤ ዛሬ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቃችንን ከእኔ እኩል ያውቀዋል። ከሱቃችን ፊት ለፊት ያለው መድኃኒት ቤት ውስጥ ራህመት የምትባል የአምባሰል ልጅ ትሠራ ነበር። ራሱን አሞት የማያውቅ ጎረምሳ በሳምንት ሦስት ጊዜ የራስ ምታት መድኃኒት መግዛት ሲጀምር ነገሩ ገባኝ። ባለፈው ዓመት ጦርነቱ በሐይቅ በኩል መጥቶ ከተመለሰ በኋላ ራህመት ወላጆቿን ልትጠይቅ ሄደች፤ አባቷ «ከእንግዲህ ከዓይኔ አትርቂም» ብለው አስቀሯት። ዘንድሮ ደግሞ ከወልድያ ወዲያ ጦርነቱ እንደገና ተነሣ፣ የዚያ አገር ኔትወርክም ጠፋ። ፉአድ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» የምትለዋን ሴትዮ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ለደንበኛ ባልዲ ሽጦ ክዳን ሰጥቶ ሲሸኝ አየሁና በቃ፣ ልሂድ አልኩ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የራህመት አባት አያ ይማም አንድ ጊዜ እምቢ ካሉ እምቢ ነው፤ ሁለተኛ ሽማግሌ አይቀበሉም። ይህን ፉአድም፣ እኔም እናውቃለን። ስለዚህ የልጁን የወደፊት ሕይወት በእጄ ይዤ ነው የተሳፈርኩት።

ሰኞ

ጎህ ሲቀድ ከላም በረት ተነሣን። አብሮኝ የመጣው ጎረቤታችን ጋሽ በቀለ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነው፤ በቀን ከአሥር ቃል በላይ አይናገርም። ለሽምግልና የመረጥኩት ለዚህ ነበር፦ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ያስከብረናል።

ጣርማ በር ዋሻ እስክንደርስ ስልኬ ከጆሮዬ አልወረደም። ደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ ሁለት ካርቶን ጆግ ሸጥኩ። ሸዋ ሮቢት ላይ ፍተሻ፣ ከሚሴ ሳንደርስ ፍተሻ፣ ከከሚሴ በኋላም ፍተሻ። እየወረድን፣ እጃችንን እያነሣን፣ እየተሳፈርን። አንዱ ወታደር ከቦርሳዬ የዕቃ ናሙና አውጥቶ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። «የሽሮ ማስቀመጫ» አልኩት። ክዳኑን ከፍቶ ዘጋው፣ እንደገና ከፍቶ ዘጋው፤ «ጥሩ ይገጥማል» ብሎ መለሰልኝ። ለውጡ ከመጣ ወዲህ ከመንግሥት ሰው የሰማሁት የመጀመሪያ ምስጋና ነው።

ደሴ አደርን። ብርዱ አጥንት ይገባል። ጋሽ በቀለ ከመተኛቱ በፊት የቀኑን አሥረኛ ቃል ተጠቅሞ «መብራቱን አጥፋው» አለኝ።

ማክሰኞ

ከደሴ ሐይቅ በሚኒባስ ቅርብ ነው። ስልኬ ግን መንገድ ላይ ሞተች። በመጀመሪያ አንድ መስመር ቀረ፣ ቀጥሎ እሱም ጠፋ። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት፤ በመስኮቱ አወጣሁት። አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ልጄ፣ ንፋስ ነው የምታስመታው?» አሉኝና ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀብኝ።

ያረፍነው ወይዘሮ የሺ አህመድ ቤት ነው። ስሟን ሰምታችሁ ክርስቲያን ናት ወይስ እስላም ብላችሁ እንዳትጨነቁ፤ ወሎ ነው። ማተብ አላት፣ አባቷ ሐጂ ነበሩ። የመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ባለፈው ዓመት ጥይት የከፈታቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ አንዱ ላይ የቀን መቁጠሪያ ሰቅላበታለች፣ አንዱ ላይ ደግሞ ሚስማር መትታ ፎጣ ታንጠለጥልበታለች። «መሰርሰሪያ ሳልገዛ ተበሳልኝ» አለችን። መታጠቢያ ውሃ በባልዲ አመጣችልኝ። ባልዲውን ሳየው አወቅኩት፦ የእኔ ዕቃ ነው። እጀታው ተነቅሎ በሽቦ ታስሯል። «ይሄን የሸጠ ሰው እጁ ይነቀል!» አለች። አሜን አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ሐይቁን አየሁት። ትልቅ ነው፣ ውሃ ነው። ጋሽ በቀለ ግን ቆሞ በጣም ረጅም ጊዜ ተመለከተው። ምን እንዳየ አልነገረኝም።

ከሰዓት በኋላ የወይዘሮ የሺ ጎረቤት አያ ሰይድ ሦስተኛ ሽማግሌ ሆነውልን ወጣን። ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፤ አያ ይማምን ከልጅነት ያውቋቸዋል። ባጃጁ ከዋናው መንገድ ወጥቶ፣ አቧራውን እየጠጣ፣ አምባሰል ተራራ ሥር አደረሰን። አያ ይማም ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሰው ናቸው። «ተቀመጡ» አሉን። እንደ ወጉ «ጉዳያችንን ሳይሰሙን አንቀመጥም» አልን። «እንግዲያው ይናገሩ» አሉ። ተናገርኩ። ፉአድን አሞገስኩት። በእኛ ሱቅ ማንኛውንም ዕቃ በአምስት ደቂቃ ሸጬ አውቃለሁ፤ ፉአድን ግን በሦስት ጨረስኩት።

አያ ይማም መሬቱን እያዩ አዳመጡኝ። ከዚያ፦ «ማሻአላህ። ሰምተናል። እኛም ዘመድ አለን፣ እንመክራለን። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ኑ።»

«ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው!» አልኩ።

አያ ሰይድ እግሬን ረገጡኝ። የሹፌር እግር ነው፤ ፍሬን እንደሚይዝ ነው የረገጡኝ።

ረቡዕ

ከእንቅልፌ ነቅቼ ስልኬን አየሁ። ሰዓት ብቻ ነው የምታሳየው፤ እሱም አይሄድም። መብራት የለም፤ ስልክ የሚሞላው በባጃጅ ባትሪ ነው። ጋዜጣ የለም። ሥራ የለም። በረንዳ ላይ ወንበር አለ።

መርካቶ ውስጥ ሰው ሲደብረው አንድ ነገር ያደርጋል፦ ዕቃ ያስተካክላል፣ ከጎረቤት ይጣላል፣ ወሬ ይሰማል። እዚህ የሚያልፉ ባጃጆችን መቁጠር ጀመርኩ። አርባ ስደርስ ሰማያዊውን ሦስት ጊዜ እንደቆጠርኩት ገባኝ። የጣሪያውን ቆርቆሮ ሚስማሮች ቆጠርኩ። ከጋሽ በቀለ ጋር ልጣላ ሞከርኩ።

«ጋሽ በቀለ፣ አንተ አይደብርህም?»

«ይደብረኛል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ይደብረኛላ።»

እንዲህ ካለ ሰው ጋር መጣላት አይቻልም። ምሳ ደረሰ። ወይዘሮ የሺ ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ጠብሳ አቀረበችልኝ፤ ጥርት ያለ፣ ቆዳው የሚንኮሻኮሽ። አዲስ አበባ ውስጥ ዓሣ ብለው የሚሸጡልን ከዚህ ጋር የአባት ስም እንኳ አይጋራም። ረቡዕ ስለሆነ ጋሽ በቀለ ሽሮ ቀረበለት። አንድ ጊዜ ወደ ዓሣዬ ተመለከተና ወደ ሽሮው ተመለሰ። አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ እሱን ብሆን ኖሮ ጦሙን በድርድር እፈታው ነበር።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መቀመጥ አቃተኝ። «ሰውየው ቀኑን ያራዘሙት የሚጨመር ነገር ስለሚጠብቁ ነው» ብዬ አሰብኩ። ገዢ «እንመካከርና እንመለሳለን» ሲል ምን ማለት እንደሆነ ሃያ ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ። ለማንም ሳልናገር ባጃጅ ይዤ ብቻዬን አያ ይማም ቤት ሄድኩ።

ከበር ላይ አገኘኋቸው። «አያ ይማም፣ ነገሩን ላቅልልልዎ» አልኩ። ወርቁን ጠራሁ፤ ልብሱን ጠራሁ። ፊታቸው ስላልተፈታ «ፍሪጅም እጨምራለሁ» አልኩ።

«ፍሪጅ?» አሉ። ቀና ብለው ጦርነቱ የጣለውን፣ ሽቦው መሬት የሚጎተት የመብራት ምሰሶ አዩ። እኔም አየሁት። ሁለታችንም ረጅም ጊዜ አየነው።

«አንቱ ሰውዬ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ልጅ ሊጠይቁ ነው የመጡት ወይስ ቤት ሊከራዩ?»

ይህን ብለው ወደ ማሽላቸው ሄዱ። እኔ እዚያው እንደ ምሰሶው ቀረሁ። የልጁን ነገር በገዛ አፌ አበላሸሁት።

ባጃጁ ጋ ሳልደርስ ራህመት ጃንጥላዬን ይዛ ተከተለችኝ፤ ለካ ረስቼው ነበር። መድኃኒት ቤት ሆና እንደማውቃት ናት፤ ትንሽ ከስታለች።

«ጋሼ ጀማል፣ ወላሂ፣ ምን ነካዎት?» አለችኝ።

«ልርዳ ብዬ ነው።»

«ለማን? ለፍሪጁ?» ሳቋን ዋጠችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ «ፉአድ ደህና ነው?»

«ባልዲ ሸጦ ክዳን ብቻ ይሰጣል።»

መሬት መሬት አየች። «አባቴ የሚቸኩል ሰው ይፈራል። ነገ ማማው ላይ ወፍ ሲጠብቅ ይውላል። ይሂዱና አጠገቡ ይቀመጡ። አይናገሩ። ስለ ጋብቻ አንድ ቃል እንዳይተነፍሱ። ይችላሉ?»

«እችላለሁ።»

«አይችሉም» አለችኝ። «ግን አብሽር፣ ይሞክሩት።»

ሐሙስ

በጠዋት ሄድኩ። ማማ ማለት በእርሻው መካከል በአራት እንጨት ላይ የቆመ አልጋ ነው፤ ማሽላው ሲያሽት ሰው እላዩ ወጥቶ በጩኸትና በወንጭፍ ወፍ ያባርራል። አያ ይማም አዩኝ። ግቡም ሂዱም አላሉም፤ ትንሽ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ወጣሁ። ተቀመጥኩ። አፌን ዘጋሁ።

እውነቱን ልናገር፦ ዝም ያልኩት ለብልሃት ነው። የማይናገር ሻጭ ገዢውን እንደሚያስፈራው አውቃለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ብልሃቴ እየሠራ መሰለኝ። አራት ሰዓት ላይ መቀመጫዬ ደነዘዘ። አምስት ሰዓት ላይ የሚያብሰለስለኝ ነገር ሁሉ ከውስጤ ወጥቶ አለቀ፤ የሱቁ ቁልፍ፣ ያልመጣው ኮንቴይነር፣ የወልድያ ወሬ። ደበረኝ፤ ከዚያ በጣም ደበረኝ፤ ከዚያ ድብርቱ እንደ ጭቃ ውሃ ዘቀጠና ከላይ የቀረው ጠራ። ማሽላው ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ አየሁ፤ ቀይ አለ፣ ነጭ አለ፣ ራሱን የደፋ አለ። ወፎቹ ከመምጣታቸው በፊት ጸጥታው እንደሚለወጥ ሰማሁ። ብልሃት ላይ መሆኔን መቼ እንደረሳሁ አላውቅም።

መንጋው ሲመጣ አያ ይማም ወንጭፉን ያለ ቃል አቀበሉኝ። አዙሬ ለቀቅኩ። ድንጋዩ ወደ ፊት መሄድ ሲገባው ወደ ኋላ ሄዶ ከማማው እንጨት ላይ የተንጠለጠለውን የውሃ ጀሪካን መታው። ጀሪካኑ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀና ውሃው ከሥሩ በመሶብ የተቀመጠው ምሳችን ላይ ወረደ። ወፎቹ አልተነሡም።

አያ ይማም ጀሪካኑን አዩ፣ እኔን አዩ። «አንቱ የሚሸጡት ይሄን ዓይነቱን ነው?»

«ይሄንኑ ነው» አልኩ። አልዋሸሁም፤ ዓርማውን ሳየው የእኛው ነው።

ሳቁ። ማማው እስኪወዛወዝ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ወፎቹ የተነሡት ያን ጊዜ ነው። ምሳችን ስለረጠበ እሸት ማሽላ ቆርጠው በእሳት ጠበሱልኝ፤ ትኩሱን በመዳፌ አሽቼ፣ ገለባውን እፍ ብዬ በላሁ። የሱቅ ምግብ እንዲህ ዓይነት ጣዕም እንደሌለው ለማወቅ ግማሽ ቀን መደበር ነበረብኝ።

ከሰዓት በኋላ ወፎቹን ለማባረር ሁለት ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ አፏጨሁ። ሲወጣ ደነገጥኩ። የወንድሜ ፉጨት ነው። ልጆች ሳለን ከበር ላይ እንዲህ ነበር የሚጠራኝ፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ወንድሜ ሲሞት በአራተኛው ቀን ሱቅ ከፈትኩ፤ ዕቃ ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ዕቃ ይገባል። ለወንድሜ ቁጭ ብዬ አላውቅም። ዕንባዬ መጣ፣ ወፍ እያባረርኩ። ለአያ ይማም ነገርኳቸው። ለብልሃት አልነበረም፤ እዚያ ላይ ሌላ የሚነገረው ሰው የለም።

ወንጭፉን አስቀምጠው እሳቸውም ተናገሩ።

«ባለፈው ዓመት ጦርነቱ ሊገባ ሲል አንድ ሰው ስልክ ደወለ። ራህመት የተሳፈረችበት አውቶቡስ ተመታ አለኝ። ማን ነህ ሳልለው ስልኩ ተቋረጠ፤ አገሩ ሁሉ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ማንም የሚነግረኝ የለም። እዚህ ማማ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ማሽላው ተበልቶ አልቋል፣ የሚጠበቅ ነገር የለም። ግን ከዚህ መንገዱ ይታያል።»

ዞር ብዬ አየሁ። እውነትም ይታያል፤ አቧራማው መንገድ እስከ አስፋልቱ ድረስ።

«አልተሳፈረችም ነበር ለካ። አዲስ አበባ ነበረች። ያ ሰውዬ የሰማውን ሳያጣራ በችኮላ ደወለልኝ። መንገዱ ሲከፈት በእግሯ እየመጣች ከዚህ ሆኜ አየኋት። ከዚያ ወዲህ አንቱዬ፣ የሚቸኩል ሰው ሲያናግረኝ ያ ስልክ ይሰማኛል።»

መንገዱን አብሬያቸው አየሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ማለት ምንም አልከበደኝም።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሦስታችን ሄድን። ዘመድ ተሰብስቧል። ቆምን፣ ተቀመጡ ተባልን፣ ተቀመጥን። አያ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ የጠየቃችሁንን...» ብለው ሳይጨርሱ የእኔ ኪስ ጮኸ።

ኔትወርክ መጣ። በዚያች ደቂቃ። የአራት ቀን መልእክት በአንድ ጊዜ እንደ ተራበ መንጋ ወረደብኝ፤ ቲን፣ ቲን፣ ቲን። ቀጥሎ ደግሞ ስልኩ መጥራት ጀመረ። የፉአድን ጥሪ በድምፁ አውቀዋለሁ፤ ራሱ ነው የመረጠልኝ። አያ ሰይድ እግሬን ለመርገጥ ተዘጋጁ። ራህመት ከጓዳው በር መጋረጃ ሥር እግሯ ብቻ ይታያል፤ አይንቀሳቀስም።

እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

«አያነሡትም?» አሉ አያ ይማም።

«ይቆየኛል» አልኩ።

ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። አያ ይማምም አልቸኮሉም። ዝናብ ይመጣ እንደሆነ በበሩ ወደ ሰማይ አዩ። ቆባቸውን አስተካከሉ። ትናንት ማማ ላይ ባልውል ኖሮ ያን ጊዜ ልቤ ይቆም ነበር።

«የረቡዑ ሰውዬ ቢሆኑ ኖሮ ልጄን አልሰጥም ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ከሐሙሱ ሰውዬ ጋር ግን ዘመድ ብንሆን ደስ ይለኛል። እሷንም ጠይቄያታለሁ። ከእኔ ቀድማ ነው የመለሰችው።» ቤቱ ሳቀ፤ መጋረጃው ሥር ያሉት እግሮች ጠፉ። «ጥሎሽ አልፈልግም። ድንጋይ የሚችል ጀሪካን አምጡልኝ። አንድ ነገር ደግሞ፦ ለልጁ በስልክ አይንገሩት። ፊቱን እያዩ ይንገሩት።»

ፋቲሃ ተደረገ፤ ጋሽ በቀለም እጁን ዘርግቶ አሜን አለ። ወይዘሮ የሺ ቤት ስንመለስ ቆሮሶ ተጠብሶ ጠበቀኝ። ለጋሽ በቀለ ዓርብም ሽሮ ነበር፤ ግን ደስ ብሎት አሥራ አንደኛ ቃል ተናገረ።

ቅዳሜ

ደሴ ስንደርስ ኔትወርኩ ሙሉ ነበር። የፉአድን ስም አወጣሁ፣ አየሁት፣ ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። «መጣን» ብዬ ብቻ መልእክት ላክሁ። «ልጁን ልትገድለው ነው» አለኝ ጋሽ በቀለ። «ትንሽ ይደብረው፣ አይሞትም» አልኩ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መጥቶ አውቶቡሱ አንድ ሰዓት ያህል ቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ ተነጫነጨ። እኔ መስኮት መስኮቱን አየሁ።

ፉአድ ላም በረት ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ፊቱ ነጥቷል። «ምን አሉ?» አለኝ ገና እግሬ ሳይወርድ።

«ሻይ እንጠጣ» አልኩት።

«አጎቴ፣ በአላህ!»

«ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ሻይ ቀረበ። ስልኩን አወጣ፣ አየው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የሻዩ እንፋሎት እስኪጠፋ ዝም አልኩ። የሚያወራው አጣ፣ የሚያየው አጣ፤ ወደ መነኻሪያው በር ዞሮ፣ ሳያውቀው፣ በጥርሱ መካከል ማፏጨት ጀመረ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

ሃያ ዓመት ቤቴ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም፤ ወይም ያፏጫል፣ እኔ ግን ዕቃ እያራገፍኩ ነበር።

እስኪጨርስ ጠበቅኩት።

«ሰጥተውሃል» አልኩት።